ሹሩባና ቶንዶስ
(እህል በረንዳ ለተሰበሰቡ አድማጮች የቀረበ ዲስኩር)

ስለ ጤፍ ዋጋ ሊሰማ የመጣ ካለ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የዛሬው ርእሴ ጸጉር ነው፤ ያውም የወታደር ጸጉር።

ነገሩ ቀላል የሚመስለው ይኖራል። ልጁን ለውትድርና የሸኘ ሰው ግን ቀላል እንዳልሆነ ያውቃል። ልጅ ከማሠልጠኛ የመጀመሪያውን ፎቶግራፍ ሲልክ እናት ቀድማ የምታየው ራሱን ነው፤ ምልጭ ብሏል። ፎቶግራፉን የላከችው ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ሰፈሩ ለሁለት ይከፈላል። ጸጉሯ አጥሮ ከታየ “ምነው፣ ምን አደረጓት?” ይላል አንዱ። ጸጉሯ ካልተነካ “ታዲያ ምኑን ሠለጠነችው?” ይላል ሌላው። ዛሬ ላወያያችሁ የመጣሁት በዚህ ክርክር ላይ ነው። ወንዱ ምልምል ተላጭቶ ሴቷ ምልምል ጸጉሯን ይዛ ብትቀር አድልዎ ነው? ወይስ እኩል የሚሆኑት በሁለቱም ራስ ላይ አንድ ቶንዶስ ሲያልፍ ብቻ ነው?

አድማጭን እስከ መጨረሻ ማንጠልጠል አልወድምና መልሴን አስቀድሜ ልናገር። የወታደር ጸጉር ደንብ ከሥራው ሊወለድ ይገባል። ከሥራው ያልተወለደ የጸጉር ደንብ፣ ወንዱን ቢላጭም ሴቷን ቢተውም፣ ልማድ ነው። ልማድ ደግሞ ይመረመራል። ይህን ለማስረዳት ከራሳችን ታሪክ እጀምራለሁ።

በዚህ አገር ወታደር ማለት ጸጉሩ የተላጨ ሰው አልነበረም። ዐፄ ቴዎድሮስን አስቡ። በዘመናቸው ያዩዋቸው የውጭ ሰዎች የጻፉትም ሆነ እኛ ግድግዳችን ላይ የምንሰቅለው ሥዕል የሚያሳየው ሹሩባቸውን ነው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛም በምስላቸው ላይ ሹሩባ ተሠርተው ነው የሚታዩት። ለወንድ ልጅ ሹሩባ ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ የጀግንነት ማስረጃም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ፣ ወንድ ልጅ ጸጉሩን የሚሠራው ጠላት ከገደለ በኋላ እንደነበረና የሹሩባው ብዛትም ከግዳዩ ቁጥር ጋር እንደሚያያዝ ጽፏል። አንበሳ የገደለ፣ ዝሆን የጣለ፣ ጠላት የማረከ ሰው ራሱን ቅቤ ይቀባል፤ ይፎክራል፤ ይሸለማል። በሌላ አነጋገር የያኔው ወታደር ማዕረጉን የሚሸከመው በትከሻው ላይ ሳይሆን በራሱ ላይ ነበር።

የዚህን ጸጉር ክብር ጠላትም ያውቅ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሰብሮ ሲገባ ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ከመስጠት ሞትን መረጡ። ከአስከሬናቸው ላይ ጸጉራቸው ተቆርጦ ተወሰደ። አስከሬናቸውን የሣለው የኮርኔሊየስ ጄምስ ቤተሰቦች ሁለት ዘለላ ጸጉር እ.ኤ.አ. በ1959 ለለንደኑ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ሰጡ። ሙዚየሙም በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለባህልና ቱሪዝም ሚኒስትሯ ለዶክተር ሂሩት ካሣው አስረከበ። ልብ በሉ፤ ያስረከበው የጦር ሠራዊት ሙዚየም ነው። ከ150 ዓመት በላይ ባሕር ማዶ የቆየው ምርኮም ጸጉር ነው። አንድን ጦረኛ ድል ማድረጋቸውን ለማሳየት ከሰይፉና ከዘውዱ ሌላ ጸጉሩንም መውሰድ እንዳለባቸው የገባቸው ሰዎች ነበሩ።

የተላጨ ራስስ ምን ይናገር ነበር? ሐዘንን። ወላጁ ወይም ባለቤቱ የሞተበት ሰው ራሱን ይላጫል፤ ያየው ሁሉ “እግዚአብሔር ያጥናህ” ይለዋል። የልጅነት ምልክትም ነበር፤ ወንዱ ልጅ ዙሪያውን ተላጭቶ ቁንጮ ይተውለታል፤ ሴቷ ልጅ መሀሉን ተላጭታ ጋሜ ትሆናለች፤ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስና ስትዳር ጸጉሯ ይለቀቃል። በቦረና ገዳ ሥርዓት ደግሞ ደባሌ የሚባሉት ትንንሽ ወንዶች ልጆች ጸጉራቸው ሳይቆረጥ እንደ ሴት ልጅ ያድጋል፤ ከእርከኑ ሲወጡ ነው የሚላጩት። እንግዲህ በአገራችን ጸጉር የዕድሜ፣ የሐዘን፣ የጋብቻና የጀግንነት መታወቂያ ነበር። አጭሩ የወንድ፣ ረጅሙ የሴት የሚል ሕግ ከአያቶቻችን የወረስን ከመሰለን ተሳስተናል።

ወደ አምስቱ የፋሺስት ወረራ ዓመታት ልለፍ። በዱር በገደል የነበሩ አርበኞች ጸጉራቸውን አሳደጉ። በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ የተነሡትን ፎቶግራፎች ተመልከቱ፤ ከራስ አበበ አረጋይ ጋር የነበሩት አርበኞች ጎፈሬያቸው እንደ አንበሳ ጎፈር ተነሥቶ ይታያል። በዚያው ዓመት ከረን ላይ ከጣሊያን ጋር ከተዋጉት የእንግሊዝ ጦር ክፍሎች መካከል የሕንድ ሲኮች ነበሩበት። ሲክ በሃይማኖቱ ጸጉሩን አይቆርጥም፤ ጠምጥሞ ይዋጋል። የተሸነፈው የፋሺስት ጦር ጸጉሩን በደንቡ የተቆረጠ ነበር። ጸጉር ጦርነት ያሸንፋል ለማለት አይደለም። ረጅም ጸጉር ያለው ሰው ሥርዓት ያለው ወታደር ሊሆን አይችልም የሚለው አባባል ግን እዚሁ ደጃችን ላይ ውድቅ ሆኗል።

ታዲያ የተላጨው ምልምል ከየት መጣ? ከአውሮፓ ሥልጠና ጋር መጣ። ከንጉሠ ነገሥቱ የንግሥ በዓል ዘመን ጀምሮ የቤልጅግ መኮንኖች ክብር ዘበኛን አሠለጠኑ። በ1927 ዓ.ም. ደግሞ በሻምበል ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች የሆለታን የጦር ትምህርት ቤት ከፈቱ። ከእነሱ ጋር ሰልፉ፣ ደንብ ልብሱ፣ መለዮውና የጸጉር ቁርጡ አብሮ ገባ። የዚያን ዘመን የክብር ዘበኛ ፎቶግራፍ አንድ የሚያስገርም ነገር ያሳያል፤ ወታደሩ ከላይ እስከ ታች የአውሮፓ ደንብ ልብስ ለብሶ እግሩ ባዶ ነው። አዲሱ ሠራዊት ጫማ ከማግኘቱ በፊት የወታደር መልክ አገኘ ማለት ነው። መልክ ከአቅም የሚቀድምበት ጊዜ እንዳለ ከዚህ የተሻለ ምስክር አላውቅም።

አሁን ለመላጨት የሚሰጡትን ምክንያቶች አንድ በአንድ እንመርምር።

የመጀመሪያው ምክንያት ቅማል ነው። በጥንት ጦር ሰፈሮች ከጥይት ይልቅ በሽታ ይገድል ነበር፤ ከዋናዎቹ ገዳዮች መካከል ተስቦና ግርሻ ነበሩ። ሁለቱንም የሚያስተላልፈው ቅማል ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1909 ቱኒስ ውስጥ ሻርል ኒኮል ቅማል ተስቦን እንደሚያስተላልፍ ካረጋገጠ ወዲህ የታወቀ አንድ ቁም ነገር አለ፤ በሽታውን የሚያዛምተው የልብስ ቅማል ነው። እሱ የሚኖረው በሸሚዝ ስፌትና በካፖርት እጥፋት ውስጥ ነው፤ መድኃኒቱም ልብስ መቀቀልና መቀየር ነው። በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን በባሕር ዳር በአንድ ላይ ተሰብስበው በነበሩ የቀድሞ ወታደሮች ዘንድ ግርሻ ተቀስቅሶ ነበር። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ውሃ፣ ሳሙናና ቅያሪ ልብስ ነበር። የራስ ጸጉር መላጨት የራስ ቅማልን ያስወግዳል፤ የራስ ቁስልንም ለማከም ይመቻል፤ ይህን አልክድም። ተስቦን በቶንዶስ እከላከላለሁ ማለት ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት በግብግብ ጊዜ ጠላት ጸጉር ይዞ እንዳይጥል ነው። ይህም ጥንታዊ ነው። ታላቁ እስክንድር ወታደሮቹ ጢማቸውን እንዲላጩ ያዘዘው ጠላት ይይዘዋል ብሎ እንደሆነ ፕሉታርክ ጽፏል። መጽሐፍ ቅዱስ የምታነቡም አቤሴሎም በበቅሎ ሲሸሽ ራሱ በዛፍ ቅርንጫፍ ተይዞ ተንጠልጥሎ መቅረቱን ታስታውሳላችሁ፤ ትውፊቱ የያዘው ጸጉሩ ነው ይላል። ነገር ግን እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ሶምሶን አለ፤ እሱን ያሸነፉት ጸጉሩን ከላጩት በኋላ ነው። የስፓርታ ሰዎችም ቴርሞፒሌ ላይ ለሞት ሲዘጋጁ ረጅም ጸጉራቸውን ያበጥሩ እንደነበር ሄሮዶቱስ ተርኳል። ከሁሉም በላይ ደግሞ መያዝ የሚቻለው የተለቀቀ ጸጉር ነው። ራስ ላይ ተጣብቆ የተሠራ ሹሩባ እጅ አይሞላም።

ሦስተኛው ምክንያት እውነተኛው ነው ብዬ አምናለሁ። ካምፕ በር ላይ ከአንድ አውቶቡስ የሚወርዱትን ወጣቶች አስቡ። አንዱ የነጋዴ ልጅ ነው፤ ጸጉሩን በፋሽን ተቆርጧል። ሌላው ከገጠር የመጣ አራሽ ነው። ሦስተኛው ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል፤ ጸጉሩን ድሬድ አድርጓል። ከተላጩ በኋላ ሲሰለፉ ማን ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ኤርቪንግ ጎፍማን የተባለው የማኅበረሰብ አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው መጽሐፉ ጦር ሰፈርን፣ እስር ቤትን፣ ገዳምንና የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታልን በአንድ ረድፍ አስቀምጧቸዋል። እነዚህ ተቋማት አዲስ ገቢውን የቀድሞ ማንነቱን አስወልቀው ሌላ ማንነት ያለብሱታል፤ ጸጉሩን ይቆርጣሉ፣ ልብሱን ይቀይራሉ፣ ቁጥር ይሰጡታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ቶንዶስ የሚያስተላልፈው መልእክት “ከዛሬ ጀምሮ የአባትህ ልጅ ብቻ አይደለህም፤ የጓድህ ወንድም ነህ” የሚል ነው።

ይህ መልእክት ዋጋ አለው። ዋጋ የሚኖረው ግን ምልምሉ በፈቃዱ ሲመጣ ነው። በሚያዝያ 1975 ዓ.ም. ደርግ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉትን ለስድስት ወር ሥልጠናና ለሁለት ዓመት አገልግሎት የሚያስገድድ የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ አወጣ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ከእናንተ መካከል ዕድሜ የጠገባችሁ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። አፈሳ ሲባል ልጅ በቆጥ ላይ ይደበቅ ነበር፤ እናት ቀበሌ ደጅ ትውል ነበር። እንዲያ ተጎትቶ ለሄደ ልጅ መላጨት የወንድማማችነት መግቢያ ሊሆንለት አይችልም። ቢያመልጥ መንገድ ላይ የሚያሳብቅበት ምልክት ይሆናል። ያው ቶንዶስ ለፈቃደኛው ቃል ኪዳን፣ ለታፋሹ ሰንሰለት ነው። የአንድ ሥርዓት ትርጉሙ በመሣሪያው ላይ ብቻ እንደማይገኝ ከዚህ እንማራለን።

ወደ ሴቶቹ ልምጣ።

“ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ” የሚል ተረት ያለው ሕዝብ ሴትን ከጦር ሜዳ አርቆ ኖሯል ብሎ የሚያስብ ይኖራል። ታሪኩ ሌላ ነው። በድሮው ዘመቻ ከተዋጊው ኋላ ሴቶች ይዘምቱ ነበር፤ ወፍጮ ተሸክመው፣ ማድጋ አዝለው። በሶው፣ ቆሎውና ድርቆሹ የእነሱ ሥራ ነው። እህል በረንዳ ላይ ቆሜ የምነግራችሁ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ እህሉን ስንቅ የሚያደርገው ሰው ባይኖር የአድዋ ዘማች ሰሜን ድረስ ባልዘለቀ ነበር። እቴጌ ጣይቱም የራሳቸውን ጦር ይዘው ዘምተዋል፤ መቀሌ ላይ የመሸገው የጣሊያን ጦር ውሃው እንዲያዝበት ያደረገው የእሳቸው ብልሃት ነው። በፋሺስት ዘመን ባለቤታቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ከተገደሉ በኋላ ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ነፍሰ ጡር ሆነው ጦር መርተዋል። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ለአርበኞች መሣሪያና መረጃ ሲያቀብሉ ተይዘው ተገርፈዋል፤ እስከ አዚናራ ደሴት ታስረዋል፤ ሲመለሱም ትግሉን ቀጥለዋል።

እነዚህ ሴቶች ማሠልጠኛ አልገቡም፤ ስለ ጸጉራቸውም ማንም ደንብ አላወጣላቸውም። ሴትን በብዛት በተዋጊነት አሰልፈው ያሠለጠኑት በኋላ የመጡት የበረሃ ድርጅቶች ናቸው። በኤርትራው ሕዝባዊ ግንባርም በትግራዩ ሕወሓትም ከተዋጊዎቹ ሲሶ ያህሉ ሴቶች እንደነበሩ በተደጋጋሚ ተጽፏል። በዘመኑ ፎቶግራፎች ላይ ብዙዎቹ ታጋዮች፣ ወንዱም ሴቷም፣ አንድ ዓይነት ጎፈሬ አሳድገው፣ አንድ ዓይነት ቁምጣ ለብሰው ይታያሉ። በጸጉር እኩል የሆኑት ሁለቱም ተላጭተው ሳይሆን ሁለቱም አሳድገውት ነው። ጦርነቱ አልቆ ወደ ከተማ ሲመለሱ ግን ብዙ ሴት ታጋዮች ከባድ ነገር ገጠማቸው። ማኅበረሰቡ ወንዱን ጀግና ብሎ ተቀበለው፤ ሴቷን “እንደ ሴት ሁኚ” አላት። አንድ ዓይነት ጸጉር አንድ ዓይነት ዕድል አልሰጣቸውም። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ዛሬ ከሁርሶ፣ ከብርሸለቆና ከጦላይ በሚመረቁ ሰልፎች ላይ ሴቶች ይታያሉ። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ደግሞ ኢንጂነር አይሻ መሐመድ የመጀመሪያዋ ሴት የመከላከያ ሚኒስትር ሆነው ተሾመዋል። ስለዚህ ጥያቄው ሴት ትዝመት አትዝመት የሚለው አይደለም፤ እሱ ካለቀ ቆይቷል። ጥያቄው በምን መለኪያ ትሠልጥን የሚለው ነው።

በዚህ ላይ ሌሎች አገሮች ብዙ ተሳስተው ብዙ ተምረዋል፤ ያለ ክፍያ የሚገኝ ትምህርት ነውና እንውሰደው። አሜሪካንን እንይ። የባሕር ኃይል እግረኛ ጦሩ ወንዱን ምልምል በደረሰ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይላጨዋል። ሴቷ አትላጭም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜማ ለሴቶቹ የተዘጋጀላቸው የከንፈር ቀለም ነበር፤ ኤልዛቤት አርደን የተባለው ድርጅት ከቆባቸው ቀይ ገመድ ጋር የሚስማማ “ሞንቴዙማ ቀይ” የሚባል ቀለም ሠራላቸው። ወንዱን ከቀድሞ ማንነቱ ይለዩታል፤ ሴቷን ወታደር ብትሆንም ሴትነቷ እንዳይጠፋ ይጠብቋታል። አሳቢነት ይመስላል። ውስጡ ሲታይ ግን “አንቺ እንግዳ ነሽ፤ ወደ ቤትሽ ትመለሻለሽ” የሚል አነጋገር አለበት።

ቀጥሎ የመጣው ደንብ ሴቷ ጸጉሯን ጠቅልላ ከኋላዋ እንድታስረው የሚያዝ ነበር። ለዓይን ያምራል። መሬት ላይ ተኝታ ስታነጣጥር ግን ያ ጥቅል ጸጉር የብረት ቆቧን ከኋላ ገፍቶ ዓይኗ ላይ ይደፋባታል። በየቀኑ ጥብቅ አድርጎ ማሰሩም ራስ ምታት ያመጣል፤ ጸጉር ከሥሩ ይነቅላል። የአየር ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ2021 ደንቡን ሲያላላ የሰጠው ምክንያት ይኸው ነበር። የምድር ጦሩም በዚያው ዓመት ሴቶች ጸጉራቸውን ከኋላ ለቀው እንዲያስሩ፣ ከፈለጉም ፈጽመው እንዲላጩ ፈቀደ። አንድ ደንብ ለመልክ ተብሎ ወጥቶ የተኳሽን ዓይን ሲሸፍን ማየት፣ ከሥራው ያልተወለደ ሕግ ወዴት እንደሚወስድ ያሳያል።

ከዚያ በፊት የሆነው ደግሞ እኛን ይበልጥ ይነካል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2014 የአሜሪካ ምድር ጦር የሹሩባን ዓይነትና ውፍረት የሚገድብ ደንብ አወጣ። ጥቁር ሴት ወታደሮች ተቃወሙ፤ “ይህ ጸጉር በተፈጥሮዬ የማበቅለው ነው፤ ደንባችሁ የነጭ ሴት ጸጉርን ብቻ አስቦ የተጻፈ ነው” አሉ። የመከላከያ ሚኒስትሩ ቸክ ሄግል ደንቡ እንዲመረመር አዘዙ፤ በነሐሴ አካባቢም ብዙው ተሻሻለ፤ የሚያዋርዱ ቃላትም ወጡ። እስቲ ገረም ይበላችሁ! ቴዎድሮስ ለጦርነት የሄዱበት ሹሩባ፣ በእኛ ዘንድ የጀግና መታወቂያ የነበረው ሹሩባ፣ ከመቅደላ 146 ዓመት በኋላ ባሕር ማዶ “ለወታደር ይገባል? አይገባም?” ተብሎ ሲመረመር ነበር።

ሌላው ጫፍ ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2015 ክሪስተን ግሪስትና ሼይ ሄቨር ከአስቸጋሪው የሬንጀር ትምህርት ቤት የተመረቁ የመጀመሪያዎቹ ሴቶች ሆኑ። እንደ ወንዶቹ ጸጉራቸውን ተቆርጠው ነው የሠለጠኑት። ጋዜጣው ሁሉ የተላጨ ራሳቸውን አሳየ። የተራራውን ጉዞ፣ የእንቅልፍ ማጣቱን፣ የሸክሙን ክብደት ያየው ጥቂት ነው። ሰው ቶንዶሱን እንጂ ፈተናውን አያይም።

በዚህ ጉዳይ የምትቸገረው ሴቷ ብቻ እንዳትመስላችሁ። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1971 ለወንድ ወታደሮቿ ጸጉር ማሳደግ ፈቅዳ ነበር፤ ቅድመ ሁኔታው ሥራ ላይ የጸጉር መረብ ማድረግ ነበር። መረቡ በመቶ ሺዎች ተገዛ። በዓመቱ ፈቃዱ ተሻረ። እዚያው ጀርመን ረጅም ጸጉር ያለው አንድ ወንድ ወታደር “ሴቶች የተፈቀደላቸው እኔ ለምን ይከለከለኛል?” ብሎ ከሰሰ። ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጥር 2019 የሰጠው ውሳኔ ለእኛም ትምህርት ነው፤ የሰውን አካል የሚነካ ደንብ በሚኒስቴር መመሪያ ብቻ ሳይሆን በሕግ ላይ ሊቆም ይገባል አለ። ሕጉ እስኪወጣ ግን ደንቡ እንዲቀጥል ፈቀደ።

ከሃይማኖቶቻችንም አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ መርካቶ ውስጥ ራጉኤልና አንዋር መስጊድ ጎረቤት ናቸው። የሐጅ ሥርዓቱን የፈጸመ ሙስሊም ወንድ ራሱን ይላጫል ወይም ያሳጥራል፤ ሴቷ ከጸጉሯ ጫፍ የጣት አንጓ ያህል ትቆርጣለች። መጠኑ ይለያያል፤ ሐጁ ግን እኩል ሐጅ ነው። በኦርቶዶክስ ገዳም ደግሞ መነኵሲት እንደ መነኩሴው ቆብ ትደፋለች፤ ራሷንም ትላጫለች። አንዱ ሥርዓት ልዩነት አድርጎ ሁለቱን እኩል ይቀበላል፤ ሌላው ያለ ልዩነት እኩል ይቀበላል። ሁለቱም የሚያስተምሩን፣ የጸጉር አንድ መሆን የእኩልነት ማስረጃ እንዳልሆነና የጸጉር መለያየትም የአድልዎ ማስረጃ እንዳልሆነ ነው። ያዙልኝ ያልኋችሁ የበረሃ ታጋዮች ታሪክም የሚለው ይህንኑ ነው።

ታዲያ መለኪያው የት ይገኛል? በዚሁ ገበያ ውስጥ ይገኛል። ሰፌድ ይዘው የሚያበጥሩ እናቶችና እህቶች ጸጉራቸውን በሻሽ ጠቅልለው ያስራሉ፤ ጆንያ የሚሸከሙት ወንዶችም ብናኙ እንዳይገባባቸው ራሳቸውንና አንገታቸውን በጨርቅ ይሸፍናሉ። ይህን ደንብ ያወጣ መሥሪያ ቤት የለም። ያወጣው ብናኙ ነው። ብናኙ ወንድና ሴት አይለይም፤ ስለዚህ ሻሹም አይለይም። ከሻሹ ሥር ሹሩባ ይኑር ሉጫ፣ ረጅም ይሁን አጭር፣ ብናኝ እስካላስገባ ድረስ የሚጠይቅ የለም። ኩንታሉም እንደዚሁ 100 ኪሎ ነው፤ የሚሸከመው ሰው ማን ነው ብሎ አይቀንስም።

የወታደር ደንብ አውጪዎች ከዚህ ገበያ ቢማሩ ሦስት ጥያቄዎች ይበቋቸዋል። አንደኛ፣ ጸጉሩ የብረት ቆብና የጋዝ መከላከያ ጭንብል በትክክል እንዲገጥሙ ያስችላል? ሁለተኛ፣ ውሃና ጊዜ በሌለበት ንጽሕናው ይጠበቃል? ሦስተኛ፣ ደንቡ ከምልምሉ እስከ መኮንኑ ያለ አድልዎ ይሠራል? ጥብቅ ያለ ቀጭን ሹሩባ የመጀመሪያውን ያልፋል፤ ቆብ ሥር ጠፍጥፎ ይቀመጣል። ሁለተኛውንም ያልፋል፤ አንዴ ከተሠራ ብዙ ቀን ይቆያል። ሦስተኛው የአዛዦች ፈንታ ነው። መላጨትም ሁለቱን ያልፋል፤ ስለዚህ የመጀመሪያ ቀን ሥርዓት ሆኖ እንዲቀጥል የሚፈልግ ሠራዊት ሊያስቀጥለው ይችላል። የሚፈለገው ሐቀኝነት ነው፤ “ወንድማማችነትን ለመፍጠር ነው” ይበል፣ “ለጤና ነው” አይበል። ወንድማማችነቱን የሚፈጥር ከሆነ ደግሞ እህቶቹን የሚያስገባበት በር ያዘጋጅ፤ ለሁሉም አንድ መለዮ፣ ለሁሉም አንድ መሐላ፣ ለሁሉም አንድ ጉዞ።

ይህ መለኪያ ከጸጉር አልፎ ለመላው ሥልጠና ይሠራል። አሜሪካኖች የአካል ብቃት ፈተናቸውን መጀመሪያ ለወንድም ለሴትም አንድ አደረጉት፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በዕድሜና በጾታ ለዩት፤ በ2025 ደግሞ ለውጊያ ሙያዎች እንደገና አንድ አደረጉት። ይህ ወዲያና ወዲህ ማለት የመጣው “ወንድ ምን ይችላል? ሴት ምን ትችላለች?” ብሎ ከመጀመር ነው። ትክክለኛው አጀማመር “ሥራው ምን ይጠይቃል?” የሚለው ነው። የቆሰለ ጓድን ከእሳት ጎትቶ ማውጣት የሚጠይቅ ሥራ ከሆነ፣ የቆሰለው ሰው ክብደት የአዳኙን ጾታ አይቶ አይቀልም። ያን መጎተት የቻለች ሴት ደግሞ ሥራውን ልትከለከል አይገባም፤ ጸጉሯም መከራከሪያ ሊሆን አይገባም። ሬዲዮ፣ ሕክምና፣ ካርታ ንባብና ጥገና የሚጠይቁት ሌላ ችሎታ ነው፤ እነሱም በየራሳቸው መለኪያ ይለኩ።

ልደምድም። ለወላጆች የምለው አንድ ነው፤ ልጃችሁ ከማሠልጠኛ ፎቶግራፍ ስትልክ ስለ ጸጉሯ ከመጠየቃችሁ በፊት ምን እንደተማረች፣ ማን እንዳሠለጠናት፣ በደል ሲደርስባት ለማን አቤት እንደምትል ጠይቋት። ጸጉር በወራት ይመለሳል፤ በሥልጠና ላይ የደረሰ በደል ግን ቶሎ አይሽርም። ወጣት ወንዶችም ስሙኝ፤ ከጎናችሁ የተሰለፈችው ልጅ ጸጉሯ ስላልተላጨ ያነሰ ዋጋ ከፈለች አትበሉ፤ ዋጋው የሚከፈለው በጸጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ አይደለም። ደንብ ለሚጽፉት ደግሞ፣ በእያንዳንዱ አንቀጽ አጠገብ ምክንያቱን ጻፉ እላቸዋለሁ። ምክንያቱ ሲጻፍ ሥራን የሚጠቅም ከሆነ ወታደሩ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ሳያጉረመርም ይፈጽመዋል። ምክንያቱ መጻፍ ካቃተ ደግሞ አንቀጹ ራሱ ይሰረዝ።

አሁን መድረኩ የእናንተ ነው፤ የተቃወመኝ ካለ ይቅደም።